19 ሰከንድ እንዴት ወረደ?

የወንዶች 100 ሜትር ፍሪስታይል የዓለም ሪከርድ ዝርዝር ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። ከላይ የሃንጋሪው ዞልታን ሃልማይ አለ። ቪየና፣ ዲሴምበር 1905፣ 1 ደቂቃ ከ5.8 ሰከንድ። ከታች ቻይናዊው ፓን ዣንሌ አለ። ፓሪስ፣ ጁላይ 2024፣ 46.40 ሰከንድ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ መካከል ከ19 ሰከንድ በላይ ልዩነት አለ። ርቀቱ ያው 100 ሜትር ነው። ውሃውም ውሃ ነው። የሰው ልጅም በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስተኛ ክንድ አላበቀለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰከንድ እንዴት ወረደ? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሳብሰለስለው ኖሬያለሁ። አሁን የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ እዚያ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ቁጥር መቼም የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ ነው። ገንዳው አለበት፣ ሰዓቱ አለበት፣ ልብሱ አለበት፣ ፖለቲካው አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን እንዲገባ ተፈቀደለት፣ ማንስ በር ላይ ቀረ የሚለው አለበት።

በእኛ አገር ኦሎምፒክ የሚጀመረው አትሌቲክሱ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የዋና ሳምንት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሰው ጨዋታውን የሚጫወትበት ነው። እኔ ግን ዓይኔን የማልነቅለው ያኔ ነው። ውሃ ከአየር ስምንት መቶ እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ሯጭ መሬት ረግጦ ይገፋል። ዋናተኛ ግን የሚገፋውም የሚታገለውም ያንኑ ውሃ ነው። ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና ካደረገ ወገቡ ይሰምጣል፣ ወገቡ ሲሰምጥ ደግሞ ሰዓቱ ላይ ወዲያው ይታያል።

በ2016 ሪዮ ላይ የዋናው ሳምንት ድንገት የእኛ ወሬ ሆነ። ሮቤል ኪሮስ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ገባ። ኦገስት 9 ቀን በ100 ሜትር ፍሪስታይል ማጣሪያ ዋኘ። 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ፣ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ። የዓለም ሚዲያ በሰውነቱ ተሳለቀ፣ የዓሣ ነባሪ ስም አወጡለት። አገር ቤትም ሰው ተቆጣ። እንዴት ተመረጠ? ባንዲራውን ለምን ሯጭ አልያዘውም? የአመራረጡ ጥያቄ ተገቢ ነበር፣ ዛሬም ተገቢ ነው። በሰው ገላ መሳለቁ ግን ያኔም አንገብግቦኛል፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ሮቤል ራሱ በወቅቱ ለጋዜጠኞች የሰጠው መልስ ቀላል ነበር፤ በኢትዮጵያ ሁሉም ይሮጣል፣ እኔ የፈለግኩት መዋኘት ነው አለ።

እስቲ ያንን ሰዓት ከዝርዝሩ አናት ጋር አስተያዩት። ሃልማይ በ1905 የዋኘው 65.8 ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንኤልስ በ1908 ወደ 65.6 አወረደው። የሮቤል 64.95 ነው። ዓለም የሳቀበት ሰዓት ከሁለቱም ይፈጥናል። ዳንኤልስ በ1910 እንደገና መጥቶ 62.8 እስኪዋኝ ድረስ የዓለም ሪከርድ ሆኖ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን የምለው ሮቤልን ከሃልማይ ለማስበለጥ አይደለም። ሃልማይ እግሩን ብዙም ሳይመታ፣ በክንዱ ጉልበት ብቻ ማለት ይቻላል፣ ነበር የሚዋኘው። የዋና መነጽር የለውም። የሚዘልበት የመነሻ ሳጥን የለውም፤ እሱ ኦሎምፒክ ላይ የመጣው በ1936 ነው። የለበሰው ውሃ የሚጠጣ ጨርቅ ነው። ሮቤል እነዚህን ሁሉ አግኝቷል፤ ከምንም በላይ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች መቶ ዓመት የለፉበትን አዋዋን አግኝቷል።

ስለዚያ አዋዋን ነው አሁን ትንሽ ማለት የምፈልገው። ዛሬ ፍሪስታይል ስንል የምናየው ክሮል፣ ማለትም ክንድን እያፈራረቁ በአየር ላይ አሳልፎ እግርን ቶሎ ቶሎ መምታት፣ አውሮፓ የፈጠረችው አይደለም። በ1844 ሁለት የኦጂብዌ ሕዝብ ተወላጆች ከሰሜን አሜሪካ ሄደው ለንደን ውስጥ ውድድር ዋኝተው ነበር። ፍጥነታቸውን ሁሉም አየ። የእንግሊዝ ታዛቢዎች ግን ውሃውን እንዲህ መደብደብ የጨዋ ሰው አዋዋን አይደለም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በደረታቸው ሲዋኙ ኖሩ። ክሮል በውድድር ቦታ የያዘው በሲድኒ በኩል ነው፤ እዚያም ስሙ አብሮ የሚነሳው አሊክ ዊክሃም ከሰለሞን ደሴቶች የመጣ ልጅ ነበር።

ከዚያ ዱክ ካሃናሞኩ መጣ። ይሄን ሰው ሳስበው ደስ ይለኛል። ሃዋይ ውስጥ ከባሕር ጋር ያደገ፣ እግሩን እንደ ሞተር የሚያሠራ ሰው ነበር። በኦገስት 1911 ሆኖሉሉ ወደብ ላይ፣ በሁለት የመርከብ ማቆሚያዎች መካከል ባለ ጨዋማ ውሃ፣ 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። በወቅቱ ከነበረው የዓለም ሪከርድ በ4.6 ሰከንድ ፈጠነ። የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር ወሬው ሲደርሰው አላመነም። ርቀቱ ተለክቷል ተብሎ ቢነገርም፣ ማዕበል ገፍቶት ይሆናል፣ ሰዓቱ ልክ ላይሆን ይችላል ተባለ። ሪከርዱ ያኔ አልተመዘገበም።

በሚቀጥለው ዓመት ስቶክሆልም ሄዶ ወርቁን ወሰደ። በዚያው በ1912 ሃምቡርግ ላይ 100 ሜትሩን 1 ደቂቃ ከ1.6 ሰከንድ ዋኝቶ ስሙን በዝርዝሩ ላይ አስጻፈ። በ1920 አንትወርፕ ላይ፣ በተወለደበት ቀን፣ 30 ዓመት ሲሞላው፣ 1 ደቂቃ ከ0.4 ሰከንድ ገባ። የሆኖሉሉው ግን እዚያ የለም። ዝርዝሩን ባየሁ ቁጥር የማስበው በላዩ ላይ የተጻፉትን ብቻ አይደለም። ያልተጻፉትንም ጭምር ነው።

የአንድ ደቂቃን ግድግዳ ያፈረሰው ጆኒ ዋይስሙለር ነው። ጁላይ 1922፣ ካሊፎርኒያ፣ 58.6። በ1924 ወደ 57.4 አወረደውና ለአሥር ዓመት የነካው ሰው አልነበረም። በኋላ በፊልም ታርዛን ሆኖ ስለታወቀ ብዙ ሰው ዋናተኛነቱን ይረሳል። የተወለደው ዛሬ ሮማኒያ በሆነ ቦታ በ1904 ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ሮማኒያ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ሴቶቹ ያንን ግድግዳ ለማፍረስ አርባ ዓመት ቆዩ። ይህም ከጉልበት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ሴቶች ኦሎምፒክ ላይ እንዲዋኙ የተፈቀደው በ1912 ነው። አውስትራሊያዊቷ ዶውን ፍሬዘር ኦክቶበር 1962 ሜልቦርን ላይ 59.9 ዋኘች፤ ከአንድ ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በፌብሩዋሪ 1964 ወደ 58.9 አወረደችው። ወር ሳይሞላው እሷ የምትነዳው መኪና ተጋጭቶ እናቷ ሞቱ። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ሄዳ ሦስተኛ ተከታታይ የ100 ሜትር ወርቋን አገኘች። ያ 58.9 እስከ 1972 ማንም አላሻሻለውም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የ1960ውን የሮም ኦሎምፒክ እኛ የምናውቀው በአበበ ቢቂላ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ሮምን ከመርገጡ ሁለት ሳምንት በፊት፣ እዚያው ከተማ ገንዳ ውስጥ፣ የዋናን ታሪክ የቀየረ ስህተት ተሠርቷል። በ100 ሜትር ፍሪስታይል ፍጻሜ አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን እኩል በሚመስል ሁኔታ ግድግዳውን ነኩ። ዴቪት ራሱ የተሸነፈ መስሎት ላርሰንን እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ያኔ ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሰዓት ያዦች ነበሩ። የዴቪት ሦስቱም 55.2 አሉ። የላርሰን ሦስቱ ደግሞ 55.0፣ 55.1፣ 55.1። በየትኛውም ሂሳብ ላርሰን ይቀድማል። ግን አሸናፊውን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን በዓይን የሚያዩ ዳኞች ነበሩ፣ እነሱም ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። ዋና ዳኛው ዴቪትን አሉ። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ውጤቱ እንዲገጥም የላርሰን ሰዓት ወደ 55.2 ተቀየረ። አቤቱታ ቀረበ፣ አልሰማም ተባለ። ሰው በቁጥር ቀድሞ በወረቀት ሁለተኛ ሆነ።

ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው ዋና በእጅ ከሚያዝ ሰዓት ለመላቀቅ ቆርጦ የተነሳው። በ1967 ዊኒፔግ ላይ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ፣ ዋናተኛው በእጁ ሲገፋው ሰዓቱን የሚያቆም ሰሌዳ ሥራ ጀመረ። ማዕበል አያቆመውም፣ እጅ ግን ያቆመዋል። በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ ነገሩ ከልክ አለፈ። አራቱን የአዋዋን ዓይነቶች በየተራ በሚዋኙበት የ400 ሜትር ድብልቅ ዋና ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን ከሺህ በሁለት (0.002) ሰከንድ ቀደመው ተባለ። ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። በ50 ሰከንድ 100 ሜትር የሚዋኝ ሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ የሚሄደው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ገንዳ ሲሠራ አንዱ መስመር ከሌላው ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ መቶኛ ላይ ይቆማል፤ እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው። በሪዮ ሲሞን ማኑኤልና ፔኒ ኦሌክሲያክ ሁለቱም 52.70 ገብተው ሁለት ወርቅ የተሰጠው ለዚህ ነው። ማኑኤል በግል የዋና ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። አያቶቿ ከነጭ ጋር በአንድ ገንዳ መዋኘት የማይፈቀድላቸው በነበረበት አገር ውስጥ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ማርክ ስፒትዝን በፍጥነት ልለፈው፣ ስለ እሱ ያልተባለ የለም። ሙኒክ፣ 51.22፣ ሰባት ወርቅ።

ሞንትሪያል 1976 ላይ ግን መቆም አለብኝ። ጁላይ 25 ቀን አሜሪካዊው ጂም ሞንትጎመሪ 49.99 ዋኘ። ከ50 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፣ ያውም በአንዲት መቶኛ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ኦገስት 14 ቀን ፊላደልፊያ ላይ ጆንቲ ስኪነር የሚባል ልጅ 49.44 ገባ። ስኪነር ሞንትሪያል ያልነበረው ደቡብ አፍሪካዊ ስለሆነ ነው፤ አገሩ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተባራ ነበር።

በዚያው ኦሎምፒክ የእኛ ምሩጽ ይፍጠርም አልነበረም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ጥለው ወጡ፣ ኢትዮጵያም አብራ። አንዱ ስለ ዘረኛ አገሩ ቀረ፣ ሌላው ያንን ዘረኝነት በመቃወም ቀረ። ማዕቀቡ ትክክል ነበር፣ በዚህ አልደራደርም። ግን የስኪነር 49.44 እስከ 1981 በዝርዝሩ ላይ ሲቀመጥ፣ የምሩጽ ሞንትሪያል ግን የትም አልተጻፈም። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ እስኪወስድ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

የሴቶቹ ዝርዝር በዚያ ዘመን የከበደ ታሪክ አለው። የምሥራቅ ጀርመኗ ኮርኔሊያ ኤንደር በ1973 58.25 ከነበረው ተነስታ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 55.65 አወረደችው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የወጡት የመንግሥት ሰነዶች ታዳጊ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው የወንድ ሆርሞን ይሰጣቸው እንደነበር አረጋገጡ። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ባባሾፍ ሞንትሪያል ላይ አራት ብር ይዛ፣ ነገሩ ልክ አይደለም ብላ በአደባባይ ተናግራ ነበር። መሸነፍ የማትችል ተብላ ተሰደበች። ግን በመጨረሻው ቀን፣ በ4 በ100 ሜትር ቅብብል፣ እሷ ያለችበት ቡድን ምሥራቅ ጀርመንን በዓለም ሪከርድ ቀደመ። እኔ ከዚያ ኦሎምፒክ አንድ ውድድር ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ሪከርዶቹ አልተሰረዙም። በጊዜ ብዛት ሌሎች አለፏቸው እንጂ።

በወንዶቹ በኩል ከዚያ አሜሪካዊው ቢዮንዲ፣ ሩሲያዊው ፖፖቭ፣ ሆላንዳዊው ቫን ደን ሁገንባንድ ሰዓቱን ከ48.95 ወደ 47.84 ለማውረድ 15 ዓመት ፈጀባቸው። እያንዳንዷ መቶኛ በላብ ነው የመጣችው። በ2008 ግን ልብሱ መጣ። በመጀመሪያ የስፒዶ ኩባንያ ኤልዜድአር የሚባለው፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩት። ልብሱን ለመልበስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ረዳትም ያስፈልጋል። ገላን አጥብቆ ይይዛል፣ አየር ያስቀራል፣ ዋናተኛውን ከውሃው ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ያለ ገላ ደግሞ ብዙ ውሃ አይገፋም። በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ 43 የዓለም ሪከርዶች ተሰበሩ። ብራዚላዊው ሴዛር ሲየሎ 100 ሜትሩን 46.91 አደረሰው። ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ልብሶቹ ታገዱ። አሁን ወንዶች ከእምብርት እስከ ጉልበት፣ ሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ያውም ጨርቅ ብቻ።

ይሄ ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ግማሹ ዓለም ስለ እግሯ ሳይሆን ስለ ጫማዋ ነበር ያወራው። እኔም ተናድጄ ነበር። ግን ጫማውን ሌሎቹም መግዛት ይችላሉ፣ በ2009ኙ ልብስ የተሰበረ ሪከርድ ግን ዛሬ ማንም በማይለብሰው ነገር የተያዘ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አሁን ሮማኒያ። ኦገስት 13 ቀን 2022፣ እዚያው ሮም፣ እዚያው ገንዳ፣ ዴቪድ ፖፖቪች የሚባል የ17 ዓመት ልጅ በጨርቅ ቁምጣ 46.86 ገባ። ከዋይስሙለር ልክ መቶ ዓመት በኋላ የተወለደ ነው። ደስ የሚለኝ የሰዓቱ ክፍፍል ነው። ሲየሎ በ2009 የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ22.17 ሄዶ ሁለተኛውን በ24.74 ተመለሰ። ፖፖቪች በ22.74 ሄዶ በ24.12 ተመለሰ። ማለትም ሲታጠፍ ከሲየሎ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ነበር። ያንን ሁሉ በመመለሻው ዋጠው። ቪዲዮውን ስታዩት ሌሎቹ ሲደክሙ የእሱ እጅ ያው ነው፣ ያው ርዝመት፣ ያው ምት።

ፓን ፓሪስ ላይ ያደረገው ሁለቱን አዋህዶ ነው። በ22.28 ሄደ፣ በ24.12 ተመለሰ። ገንዳው 2.15 ሜትር ብቻ ጥልቀት ስለነበረው ዋናተኞች ዝግ ያለ ገንዳ ነው ሲሉ ሰንብተው ነበር። እስከዚያ ምሽትም አንድም የዓለም ሪከርድ አልተሰበረበትም። ፓን ሁለተኛውን በ1.08 ሰከንድ ጥሎ ገባ። ወዲያው ጥርጣሬው ተከተለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት 23 የቻይና ዋናተኞች የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶባቸው ነበርና። የፓን ስም ግን እዚያ ውስጥ የለም። የምሥራቅ ጀርመኑ በሰነድ የተረጋገጠ ነገር ነው። ያለ ማስረጃ በአንድ ልጅ ላይ ያንኑ ፍርድ መስጠት ካሃናሞኩን ካላመኑት ሰዎች ጋር መቆም ይመስለኛል።

የልብሱ ዘመን ከ100 ሜትር ዝርዝር ጠፍቷል። ከ200 ሜትሩ ግን አልጠፋም። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ2009 ሮም ላይ ማይክል ፌልፕስን ቀድሞ 1 ደቂቃ ከ42.00 ሰከንድ ገባ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤጂንግ ላይ 1:46.00 የነበረ ሰው ነው፣ አራት ሰከንድ ወረደ። ልብሱ ልዩነት እንደሚያመጣ ቢደርማን ራሱ አልካደም። የፌልፕስ አሰልጣኝ ቦብ ቦውማን ደግሞ ልብሱ እስኪታገድ ፌልፕስን ከዓለም አቀፍ ውድድር አስቀራለሁ ብሎ ዛተ። በዚያው ውድድር ቢደርማን የ400 ሜትሩን የኢያን ቶርፕ ሪከርድም በአንዲት መቶኛ ሰበረው። እሱን ሉካስ ማርተንስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በኤፕሪል 2025 ስቶክሆልም ላይ 3:39.96 ዋኝቶ አወረደው። 200ው ግን እስከ 2025 መጨረሻ አልተነካም።

ይሰረዝ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ያኔ ልብሱ ሕጋዊ ነበር፣ ቢደርማን ሕግ አልጣሰም። የኤንደርን ሪከርድ ሳይሰርዙ የእሱን መሰረዝም ፍትሕ አይሆንም። ፖፖቪች በ2022 1:42.97 ዋኝቷል፣ ሰከንድ እንኳ የማትሞላ ልዩነት ነች የቀረችው። መመለሻ የሚችል ሰው ደግሞ በ200 ሜትር ሁለት መመለሻ አለው። እስከዚያ ቢደርማን ከነልብሱ ዝርዝሩ ላይ ይቀመጥ።